ውርጭ ያደረበት ደም

የዶክተር ሰይፈሥላሴ ጭንቅላት ዘጠኝ ጊዜ ተመትቷል። ኢንስፔክተር ትርፌ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ቆጠረች። አብሯት የመጣው ሳጅን ዘርአ ዳዊት ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ቢሆንም፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሦስተኛው ገድሎታል» አለች ትርፌ። «የቀሩት ስድስቱ ለምን አስፈለጉ?»

«ጥላቻ ነዋ!»

«ጥላቻማ ሲጠግብ ያቆማል። ሞተ አልሞተ እያለ የሚደጋግም ፈሪ ነው። ጻፈው።»

ዘርአ ዳዊት አልጻፈም። ፊቱን ከመስኮቱ ገና አልመለሰም።

ቅዳሜ ነው፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት ግንቦት መግባቱን የሰማ አይመስልም። ወደ አንኮበር በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው የደም ምርምር ማዕከል ምድር ቤቱ ላቦራቶሪ፣ ፎቁ ቢሮ ነው። ሟቹ፣ የሠላሳ አራት ዓመቱ የመዘዞ ልጅ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ በደረቱ ተደፍቷል። ደሙ በሴራሚኩ መጋጠሚያ እየተመራ በሩ ድረስ ሄዶ ረግቷል፤ ግድግዳው ላይ የተረጨው ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ራስጌው ላይ የበረኛው የወይራ ዱላ፣ ጫፉ ደም ተለቅልቆ፣ ተጋድሟል።

ዱላውን ያየ ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሏል። ትርፌ ግን ዱላውን ትታ ቁስሉን አየች። አምስቱ ቁስሎች ቅስት ናቸው፤ የከባድ ድስት ከንፈር ጭቃ ላይ ተጭኖ የሚተወው ዓይነት።

«ወይራ ከመቼ ወዲህ ነው ክብ አድርጎ የሚፈነክተው?»

ወዲያው ከውጭ ጩኸት ተነሣ።

አንድ አይሱዙ የግቢውን በር ገንጥሎ ገብቷል። ስምንት ሰዎች በተጠርጣሪነት የተያዘውን በረኛውን ይስማውን ከፖሊስ ፒካፕ ላይ በእግሩ ስበው ጣሉት። ከሁለቱ ጠባቂ ፖሊሶች አንዱ አፍንጫውን ይዞ ተቀምጧል፣ ሌላው በሁለት ክላሽ መካከል እጁን ሰቅሏል። ረጅሙ ገበሬ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም ወልደአረጋይ፣ ጠመንጃውን በአፈሙዙ ጨብጦ በሰደፉ የይስማውን ፊት አንዴ መታ። ደገመ። የአጥንት ስብራት ድምፅ ከጩኸቱ በላይ ተሰማ። ይስማው የስድሳ ዓመት ሰው ነው፤ አልጮኸም፤ ቀኝ ዐይኑን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ እንደ ጃርት ተጠቀለለ።

ትርፌ ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኮሰች።

«ሦስተኛውን ብትሰነዝር ቀጣይዋ ጥይት ያንተ ናት፣ አያ ወልደአረጋይ!»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ስልክ የደወልኩልህ ነኝ። መርዶ ነገርኩህ እንጂ ገዳይ አልነገርኩህም።»

«ዱላው ከሬሳው ራስጌ ነው አሉኝ! ትናንት ተጯጩኸው ነበር አሉኝ! ከዚህ ሌላ ምን ልስማ?»

«እኔን ስማ። ዱላው አልገደለውም።»

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ። ሸማው ጫፍ ላይ የይስማው ደም ተፈናጥቆበታል።

«ነገ ወንድሜን መዘዞ እቀብራለሁ። ማክሰኞ ሠልስቱ ነው። እስከ ሠልስቱ ሌላ ገዳይ ካመጣሽ አመጣሽ። አለዚያ እስር ቤትሽን አፍርሼም ቢሆን ይህን ሰውዬ እገድለዋለሁ። የሰይፈ ደም የውሻ ደም አይደለም።»

ስምንት ክላሽ፤ አራት ፖሊስ። ትርፌ ንዴቷን ዋጠችው። እንደ ቃሪያ ግን ሲያቃጥላት ዋለ።

* * *

የይስማው ቀኝ ዐይን አልተረፈም። ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ስትጠይቀው ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በቀረችው ዐይን ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ጋሽ ይስማው፣ ትናንት ከሟቹ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«ግቢው ሁሉ ሰምቷል እኮ።»

«እሱ ጮኸ፤ እኔ ሰማሁ። መጣላት ማለት ሁለቱም ሲጮኹ ነው።»

«ስለ ምን ጮኸ?»

ይስማው ፋሻውን በጣቱ ነካ አድርጎ «የኔ እመቤት፣ አንድ ዐይኔ ሄዷል። እንጀራዬንም አክዬ ልስጥ?» አላት።

ይህ ሰው ከሞት ይልቅ ከሥራ መባረርን ይፈራል። ሞት የተዛተበት ሰው ደግሞ ስለ ሥራው ሲጨነቅ፣ አንድ ሰው አስቀድሞ አስፈራርቶታል ማለት ነው። ትርፌ ነገሩን በሌላ በር አስገባችው።

«በዚያ ዱላ ሰው መትተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በስመአብ! የመታሁበት ውሻ ነው፤ ለዚያውም ያሳደግሁት ውሻዬን። በቅበላ ጊዜ የላቦራቶሪዋን ልጅ የፍቅርተማርያምን ባት ዘነጠለው፤ ደሟ ጫማዋን ሞላው። ራሱን አፈረስኩት። አንድ ምት ነው የበቃው። ከዚያ ወዲህ ዱላው አስጠላኝ፤ በር ሥር አቆመዋለሁ፤ መንገደኛ ሁሉ ያነሣዋል።»

«አንድ ምት በቃህ? ዶክተሩ ዘጠኝ ጊዜ ነው የተመታው።»

«ዱላ መያዝ ለሚያውቅ ሰው ዘጠኝ ምን ያደርግለታል?» አለ ይስማው፤ በሕመሙም መሐል የሙያው ኩራት ነካው።

* * *

ዓርብ አመሻሽ ግቢው ውስጥ የቀሩት፣ ከሟቹና ከበረኛው ሌላ፣ ሦስት ሰዎች ናቸው። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ምሥራቅ ፎቅ ላይ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ፍቅርተማርያም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ ትላለች። ሦስተኛው ኪዳነ ማርያም ነው፤ ከአንኮበር ካህናት ቤት የተወለደ ነርስ፣ በየገጠሩ እየዞረ ለምርምሩ ደም የሚቀዳ፤ ሁሉም «ዲያቆን» ይለዋል። እሱም መኪናውን ሊመልስ መጥቶ ነበር። አንዳቸውም ለሌላው ምስክር መሆን አይችሉም።

ትርፌ እሑድ ጠዋት ዶክተር ምሥራቅንና ዲያቆኑን ይዛ ላቦራቶሪው ገባች። ሬሳው ከተደፋበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ደም የሚያሽከረክረው ማሽን አለ። ክዳኑን አስከፈተች። ውስጡ የድስት ክዳን የሚያክል፣ ብልቃጥ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት ተቀምጧል። ብረቱን አስወጣችው፤ አምስት ኪሎ ይሆናል። ላዩ በአልኮል ተወልውሎ ያበራል። ከከንፈሩ ሥር ባለችው ቀጭን ስንጥቅ ግን የመርፌ ጫፍ ስትሰድድ ጥቁር ቅርፊት ይዞ ወጣ።

«ድስቱ ተገኘ» አለች።

ብረቱ ላይ አራት ብልቃጦች ነበሩ። ሦስቱ ደም፣ አንዱ ውሃ። አራቱም ከውጭ ጎናቸው ጠቃጠቆ ደም ተረጭቶባቸዋል፤ የማሽኑ ጉድጓድ ግን ንጹሕ ነው።

«ይህቺ ውሃ ምን ትሠራለች፣ ዲያቆን?»

«እኔ እንጃ። እኔ ደም እቀዳለሁ እንጂ ይህን ማሽን ነክቼ አላውቅም።»

ዶክተር ምሥራቅ መለሰች። «ሚዛን ናት። ሦስት ደም ካለሽ በአራተኛው ቦታ ልኩን ውሃ ታስቀምጫለሽ፤ እያንዳንዱ ትይዩውን ማግኘት አለበት። አለዚያ ማሽኑ ሲፈጥን ይዘላል።»

«ጋሽ ይስማውስ ይህን ያውቃል?»

«ይስማው? እዚህ ክፍል እንዳይገባ ተከልክሏል።»

ትርፌ ከሟቹ የውስጥ ኪስ የወጣውን ወረቀት አወጣች። ግማሹ ደም ጠጥቶ ደርቋል። ረድፍ በረድፍ ቀለም የተቀባ ሰንጠረዥ ነው፤ መሐል ላይ ያሉ ሃያ አራት ረድፎች ቀለማቸው ቁርጥ አንድ ሆኖ በቀይ ተከበዋል።

«ይህን እንደ ልጅ አስረዱኝ» አለች። «እንደ ደንቆሮ ግን እንዳታስረዱኝ።»

ዲያቆኑ ፈገግ ሊል ቃጥቶት ሬሳው የነበረበትን ቦታ ሲያይ ተወው።

«ደማችን ውስጥ ቢ ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ በሽታ የሚዋጉ። ሰይፈ የሚያጠናው እነሱን ነው። ሦስት ወገን ናቸው እንበል። አንደኛው ገና ጦር ሜዳ ያልዋለ ምልምል ነው። ሁለተኛው አንዴ ተዋግቶ የጠላቱን መልክ የማይረሳ ነባር ዘማች። ሦስተኛው ጦር የሚሠራ ቀጥቃጭ። ቀጥቃጩ ሰው ሲታመም ወይ ሲከተብ ነው ደም ውስጥ የሚበዛው፤ ሥራውን ሠርቶ ብዙም ሳይቆይ ይሳሳል።»

«በምን ትለያዩአቸዋላችሁ?»

«በሚያነቡት። ሦስቱም የያዙት መጽሐፍ አንድ ነው፤ ጂን የሚባለው። ነገሩ እንደ ግጻዌ ነው፤ መጽሐፉ ሙሉውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ፣ በዕለቱ የሚነበበው ግን የታዘዘው ምዕራፍ ብቻ። ምልምሉ የሚያነበውን ቀጥቃጩ አያነበውም። ሰይፈ የትኛው ሕዋስ የትኛውን ገጽ ምን ያህል እንዳነበበ ይቆጥር ነበር። የአንኮበርን ደገኛና የአሊዩ አምባን ቆለኛ ሊያስተያይ። ቆለኛው ወባ ስለሚመላለስበት ነባሮቹ ብዙ ናቸው፤ ውጊያ ያሰለቻቸውም አሉባቸው።»

ዶክተር ምሥራቅ ወረቀቱን ተቀብላ ስታይ ከንፈሯ ነጣ።

«እነዚህ ሃያ አራቱ ከአሊዩ አምባ የመጡ ናቸው፤ የአንድ ቀን ደም። ግን… ሃያ አራት ሰው እንዲህ አይመሳሰልም። መንታም አይመሳሰል! የወባ ነባር የላቸውም። ቀጥቃጮቹ ደግሞ ከልክ ያለፈ በዝተዋል።» ጣቷን አንድ ዓምድ ላይ አሳረፈች። «ይህ ገጽ በሴት ሕዋስ ውስጥ ነው የሚነበበው። ሃያ አራቱም የተመዘገቡት ግን ወንዶች ናቸው።»

«ስለዚህ አንዲት ሴት ናት።»

«አንዲት ሴት» አለች ዶክተሯ።

ዲያቆኑ ግድግዳውን ተደገፈ። «እኔ የቀዳሁት ከወንዶች ነው! ክንዳቸውን ያሠርሁት እኔ ነኝ!»

«ቅጹ ግን ሌላ ይላል» አለች ዶክተር ምሥራቅ፣ ፊቷን ሳታዞርለት። «መመሪያችን ደም ጠዋት ሦስት ሰዓት ይቀዳ ይላል። የዚያን ቀን ሃያ አራት ቅጾች ላይ የተጻፈው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ የለም። አንኮበር ቤቱ ቁጭ ብሎ የሞላው ነው የሚመስለኝ።»

«ዶክተር፣ እዚህ መሥሪያ ቤት ስንት ሴት አለ?»

ዶክተር ምሥራቅ ጥያቄው የት እንደሚያርፍ ገባት። «ሁለት» አለች ቀስ ብላ። «እኔና ፍቅርተማርያም።»

ሁለቱም ያዩትን ለማንም እንዳይተነፍሱ አስምላ አሰናበተቻቸው።

* * *

ፍቅርተማርያም ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ዐይኗ በልቅሶ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን እንደ ተሳለ መቀስ ይቆርጣል። መስከረም ላይ ለትምህርት ውጭ ልትሄድ ነው፤ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል።

«ከዱላው በላይ ምን ማስረጃ ፈለግሽ፣ ኢንስፔክተር? ሰውየው ዱርዬ ነው። የገዛ ውሻውን ራስ ሲያፈርስ በዐይኔ አይቻለሁ።»

«ላንቺ ብሎ አይደለም እንዴ?»

«ለኔ ብሎ ቢሆንስ? እጁ ደም ለምዷል።»

«ሟቹ ሰሞኑን ስለ ሥራው ያጫወተሽ ነገር አለ?»

«ምንም። ወር ሙሉ ከኮምፒዩተሩ አልተነሣም፤ ስለ ውጤቱ አንዲት ቃል አልነገረኝም።»

«ከዲያቆኑ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

ፍቅርተማርያም እንባዋን ጠረገች። «ሐሜት አልወድም። ግን ጠይቂው። በረመዳን አሊዩ አምባ ወረድኩ ያለው ውሸት ነው። ከሚስቱ ክንድ ቀድቶ አምጥቶ የሽማግሌዎች ስም ለጠፈበት። ሰይፈ ይህን ቢደርስበት ዝም የሚል ሰው አልነበረም።»

ትርፌ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። «በጣም ረዳሽኝ፣ እህቴ» አለቻት፤ ከልቧ ነበር።

ሰኞ በጠዋት የአንኮበርን ቁልቁለት ወርዳ አሊዩ አምባ ገባች። ከቅጾቹ ላይ የመጀመሪያው ስም ሐጂ ኑሩ ነበር፤ የሰባ ዓመት ነጋዴ። ትርፌም ቢሮ እንደ ገባ ባለጉዳይ አላንገላታቻቸውም።

«እንዴታ! ሰጥተናል» አሉ ሐጂው ክንዳቸውን ገልጠው። «የረመዳን ስምንተኛው ቀን ነው። ልጁ በጠዋት መጣ። ጾመኛ ነን፣ ካፈጠርን በኋላ ካልሆነ አንሰጥም አልነው። እሱም ሁዳዴ ይዞ ነበርና ‹እኔም ጾመኛ ነኝ፣ እጠብቃችኋለሁ› ብሎ እስኪመሽ ተቀመጠ። በቴምር አብሮን ፈታ። ሃያ አራት ሰው ተሰልፈን ሰጠን። ወላሂ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ምነው፣ ደማችን ምን ተገኘበት?»

«የእናንተ ደምማ አልተገኘም፣ ሐጂ» አለች ትርፌ። «ፍለጋው እሱ ነው።»

* * *

ማክሰኞ፣ ሠልስቱ በወጣ በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ወልደአረጋይ ስምንት ሆኖ መጣ። ትርፌ ግን ዛሬ አራት አልነበረችም፤ ከዞን አሥራ ሁለት ፖሊስ አስመጥታለች። ክላሾቹ በር ላይ ተራገፉ። የማዕከሉ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ዶክተር ምሥራቅ፣ ፍቅርተማርያምና ዲያቆኑ በአንድ ወገን፣ የመዘዞ ሰዎች በሌላው ተቀመጡ። ይስማው በፋሻው፣ በዘርአ ዳዊት ክንድ ተደግፎ ገባ። ወልደአረጋይ ሲያየው ጥርሱ ተንቀጫቀጨ።

«አያ ወልደአረጋይ፣ እስክጨርስ ትቀመጣለህ» አለች ትርፌ። «መጀመሪያ ዱላውን እናንሣ። ወንድምህ የተመታው በዚህ ነው።» ክቡን ብረት ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ ጣለችው፤ ጠረጴዛው ጮኸ። «ገዳዩ ገድሎ ሲያበቃ ብረቱን ወልውሎ ወደ ማሽኑ መለሰው። የብረቱ አለመኖር እንዳይታወቅ ብልቃጦችንም ደረደረበት። ብልቃጦቹ ከውጭ ደም ተረጭቶባቸዋል፤ ጉድጓዱ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ የገቡት ከግድያው በኋላ ነው። እንዴት ገቡ? ሦስት ደም፣ አንድ የሚዛን ውሃ፣ ሁሉም ከትይዩው። ሰው ገድሎ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ማንም የማያበራውን ማሽን ማን ያመዛዝናል?»

«እጁ የለመደ» አለ ዘርአ ዳዊት።

«እጁ የለመደ። ጋሽ ይስማው ክፍሉን ረግጦት አያውቅም። ዲያቆኑም ውሃዋን ሲያይ ምን እንደሆነች አላወቀም። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ዶክተር ምሥራቅና ፍቅርተማርያም ተያዩ።

«አሁን ለምን ተገደለ? ሰይፈሥላሴ የሃያ አራት ሽማግሌዎች ደም የተባለው የአንዲት ሴት ደም መሆኑን ደረሰበት። ሁሉም ዲያቆኑን ጠረጠረ፤ ማታ ብሎ ስለ ጻፈ። እኔ ደግሞ ያመንኩት ስለዚያው ነው። ቤቱ ተቀምጦ የሚዋሽ ሰው መመሪያው እንደሚለው ጠዋት ሦስት ሰዓት ብሎ ይሞላል። ጾመኛ ቀን ደም እንደማይሰጠው፣ ማፍጠሪያን ጠብቆ መቅዳት እንዳለበት የሚያውቀው ወርዶ ያየ ነው። ሽማግሌዎቹንም አነጋግሬአለሁ። ደሙ ከአሊዩ አምባ ተነሥቷል። ታዲያ የት ተለወጠ?» ወደ ይስማው ዞረች። ድምፅዋ ለሰለሰ። «ጋሽ ይስማው፣ ያን ሌሊት የደሙን ሳጥን ማን ተቀበለ?»

ይስማው በአንድ ዐይኑ ፍቅርተማርያምን አየ።

«ንገራቸው እንጂ፣ ጋሽ ይስማው!» አለ ዲያቆኑ። «ለሱ ነው የሰጠሁት! ተረኛዋ እየመጣች ነው ብሎ ተቀበለኝ።»

«ለፍቅርተማርያም ደወልኩላት» አለ ይስማው። «አምስት ሰዓት ሆኗል። ‹አሁን አልወጣም፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይደር፣ ጠዋት እመጣለሁ› አለችኝ። ቀዝቃዛ ካላችሁ እኔ ምን አውቃለሁ? ሳጥኑ ይሞቀዋል ብዬ ከሳጥኑ አውጥቼ አጥሩ ላይ ደረደርኩት። ያን ሌሊት ደግሞ ውርጭ ጣለ፤ ጠዋት ሣሩ ጨው መስሎ ነበር። ደሙ ድርቅ ብሏል። ስታየው ጮኸችብኝ። ‹የመንግሥት ደም ነው ያበላሸኸው፣ ትታሰራለህ፣ ለማንም ብትተነፍስ አለቀልህ› አለችኝ። ዓርብ ዕለት ልጁ ስለዚያ ሌሊት ሲጠይቀኝ አፌን ዘጋሁ፤ እሱም ጮኸ። ብነግረው ኖሮ…»

«ደም በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ሕዋሱ ይፈርሳል» አለች ዶክተር ምሥራቅ በሹክሹክታ። «አንድም አይተርፍም።»

«ስለዚህ ተረኛዋ ሃያ አራት ባዶ ብልቃጥ ከራሷ ክንድ ሞላች» አለች ትርፌ። «የሁለት ብርጭቆ ያህል ደም ነው፤ አይገድልም። ማንም አያውቅም ነበር። ግን ደሟ ውስጥ ቀጥቃጮቹ ሥራ ላይ ነበሩ። ዶክተር፣ ቀጥቃጭ መቼ ይበዛል?»

«ሲታመሙ። ወይም በተከተቡ በሳምንት፣ በአሥር ቀን።»

«ፍቅርተማርያምን ውሻ የነከሳት ያ ውርጭ ከመጣሉ አሥር ቀን በፊት ነው። የእብድ ውሻ መከላከያ ሦስት መርፌ ወስዳ ነበር፤ የጤና ጣቢያው መዝገብ እጄ ላይ ነው። ያን ሰሞን እርስዎ ተከትበው ነበር፣ ዶክተር? አልተከተቡም። ይህም ባይበቃ፣ እህቴ፣ ‹ከሚስቱ ክንድ› አልሽኝ። ደሙ የሴት መሆኑን ከኔና ምለው ከደበቁልኝ ከነዚህ ሁለቱ በቀር የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ አንዲት ቃል አልነገረኝም ብለሻል።»

ፍቅርተማርያም ፈገግ አለች፤ ያን ፈገግታ ዘርአ ዳዊት ከሬሳው ይልቅ ለብዙ ጊዜ ሲያስታውሰው ኖሯል።

«ሙግት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።»

«ማስረጃውን ደምሽ ይዞታል። ነባር ዘማች የጠላቱን መልክ አይረሳም፤ የያንዳንዱ ሰው ነባር ደግሞ የየራሱ ነው። ክንድሽን ስጪኝ፤ ከሃያ አራቱ ጋር ይመሳከራል።»

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ!» ብላ ጮኸች ፍቅርተማርያም። «አንድ ብልቃጥ ስጪኝና ላመሳክረው! እንደ ቸር ሰው፣ በለሰለሰ ድምፅ! ይቅርታ ጻፊ፣ ትምህርቱም ይቀራል፣ ሌላ ዕድል ይመጣል አለኝ። ለማን ነው የሚመጣው? አጎነበሰ። አንገቱ ታየኝ…»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ጨብጣ ከጠርዙ ጋር ሰበረችው። ወደ በሩ አልሮጠችም፤ ወደ ይስማው ነው የሮጠችው። ትርፌ መሐል ገባች። መስታወቱ ግራ ክንዷን ከክርን እስከ አንጓ ተረተረው። ትርፌ በቀኟ የልጅቱን ፀጉር ይዛ ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨችው፤ ዘርአ ዳዊት እጆቿን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ካቴና አስገባ። ከሁለቱ ሴቶች የማን ደም ወለሉ ላይ እንደሚንጠባጠብ መለየት አልተቻለም።

ያኔ ወልደአረጋይ ተነሣ። ወንበሩን ረግጦ፣ ሁለት ፖሊስ ገፍቶ፣ ጣቶቹን ለአንገቷ ዘርግቶ ሲደርስ ግንባሩ የትርፌን ሽጉጥ አገኘ።

«ልቀቂኝ! ገዳዩን አሳየሁህ አላልሽም?»

«አሳይቼሃለሁ። አሁን ደግሞ አንተ አሳየኝ። የዚህን ሰው ዐይን ያጠፋው ማነው?»

ገበሬው ይስማውን አየ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲምልበት የሰነበተውን ሰው ፊት ያየው ገና አሁን ነው፤ ፋሻው ሥር ያለውን ጉድጓድ፣ ያበጠውን ጉንጭ፣ ከጉዳቱ ይልቅ ድካሙን።

«እኔ… መስሎኝ ነው» አለ።

«መስሎህ ነው። ካቴናውን አምጣ፣ ሳጅን።»

ከመዘዞዎቹ አንዱ «ሐዘንተኛ ነው እኮ፣ እመቤት! ገና ዛሬ ሠልስቱ ነው!» ሲል ይስማው ጣልቃ ገባ።

«ክስ አልፈልግም» አለ። «የቀረችኝን ዐይን ይተውልኝ እንጂ እኔ ምንም አልል።»

«አንተ ባትፈልግም ሕግ ይፈልጋል፣ ጋሽ ይስማው። ቅዳሜ አራት ሆኜ ነው የለቀቅሁት፤ ዛሬ አሥራ ስድስት ነን።»

ወልደአረጋይ እጁን ራሱ ዘረጋ።

ፒካፑ አንድ ብቻ ስለነበር ሁለቱንም ከኋላ ጫኗቸው፤ እሷን በአንድ አግዳሚ፣ እሱን በትይዩዋ። ትርፌ ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ በመሐላቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የወንድሙ ገዳይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች፤ አፍንጫዋ ይደማል፤ የምትጠርግበት እጅ የላትም። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሁለቱ ጉልበት ይጋጫል። ፖሊሶቹ ይተፋባታል፣ ይራገጣታል ብለው ሲጠብቁ፣ ወልደአረጋይ ጉልበቱን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላት። እስከ ጣቢያው ድረስ ቀና ብሎ አላያትም፤ በተጣመዱት እጆቹ፣ ከሸማው ጫፍ ያልለቀቀውን የይስማውን ደም በአውራ ጣቱ ጥፍር ሲፍቅ፣ ሲፍቅ ሄደ።